መቀስ ያረፈበት ገደል

መቼም የዘንድሮ ሰው አገር የሚያየው በጣቱ ሆኗል! ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶውን ቀጭ ያደርጋል፣ ከዚያ ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና ግራ ቀኙን፣ ላይ ታቹን ይቆርጣል። «ክሮፕ» ይሏታል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ልብ በሉ፤ ይህች መቀስ ገደሉን ግድግዳ፣ ሰው የሚኖርበትን አገር ባዶ መሬት ልታደርገው ትችላለች።

ደብረ ሊባኖስ የሄዳችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው (የመንገዱን ሰላም ጠይቃችሁ ውጡ እንጂ)። ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን ስታልፉ አገሩ ሁሉ ሜዳ ነው። ከዚያ ድንገት መሬቱ እንደ ዳቦ ተገምሶ ቁልቁል ይወርዳል። ውሃው ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ አባይ ነው የሚሄደው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ጭላዳ ዝንጀሮም አፋፉ ላይ ሣሩን እየነጨ ይንጎራደዳል።

ባለፈው የሄድነው አራት ሆነን ነው። ሁላችንም አንድ ድንጋይ ላይ ቆመን አንድ ዓይነት ፎቶ አነሳን። ከታች ሣርና የድንጋዩ ጠርዝ፣ መሃል ላይ ሸለቆው፣ በስተግራ ወደታች እርሻና አንዲት ቆርቆሮ ቤት፣ ከላይ ሰማይ። ከዚያ መቁረጥ ተጀመረ።

አንደኛው ሣሩንና ድንጋዩን «ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ጣለው። ገደሉ አለቀለት! የማዶው ግድግዳ ብቻ ቀረ። ለምን መሰላችሁ? ፎቶ ጠፍጣፋ ነው፤ ጥልቀቱን የሚፈጥረው ዓይናችን ነው። ዓይን ደግሞ ከቅርብ ተነስቶ ነው ወደ ማዶ የሚሻገረው። መነሻውን ስትቆርጡበት ከየት ይነሳ?

ሁለተኛው ሰማዩን ቆረጠ። እሱ አወቀበት። ቀትር ስለነበር ሰማዩ ነጭ አቡጀዲ መስሎ የፎቶውን ግማሽ ይዞ ነበር። ቀጭን መስመር ብቻ ሲያስቀርለት ሸለቆው ገዘፈ። ደመናው የሚያምር ቀን ቢሆን ሰማዩ ሁለት ሦስተኛውን ቢይዝ ማን ይከለክለዋል? አብዛኛውን ጊዜ የማያምረው አድማሱን ልክ መሃል ላይ አጋድሞ ፎቶውን ለሁለት መክፈል ነው።

እኔ በቁሙ ቆረጥኩት። ገደሉ ይበልጥ ጠለቀ፤ የሜዳው ስፋት ግን ጠፋ። የቁም ፎቶ ጥልቀት፣ የአግድም ፎቶ ስፋት ያወራል። ሁለቱም ካማራችሁ ሁለት አንሱ።

ዋናው ወሬ ያለው አራተኛዋ ጋ ነው። ጓደኛችን ያቺን ቆርቆሮ ቤት «ቪውን አበላሸችብኝ» ብላ ከነእርሻው ቆርጣ ጣለቻት። መንገድ ሲያሳየን የዋለው ልጅ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «እህቴ፣ ቤታችንስ?» አላት።

«ፎቶ እኮ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያ አይደለም!» አለችው እየሳቀች።

እሱ አልሳቀም። «እናቴ እኮ እዚያ ነው ያለችው» አለ።

ዝም ተባባልን።

የልጁን ነገር ለጊዜው ተዉትና በፎቶው በኩል ብቻ እንየው። ያቺ ቤት ፎቶው ላይ ጥፍር ብታክል ነው። ቤት ምን ያህል እንደሚሆን ግን ማንም ያውቃል፤ ገደሉ ስንት ቤት እንደሚውጥ የሚለካው እሷን አይቶ ነው። እሷ ከወጣች ገደሉ 10 ሜትር ይሁን 500 በምን ይታወቃል? ወደ ልጁ ስንመለስ ደግሞ፣ ሰው የሚያርሰውን፣ እናት ቡና የምታፈላበትን አገር «ማንም ያልረገጠው» አስመስለን የምንለጥፈው በዚህችው መቀስ ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይሉ የለ?

እናላችሁ ምክሬ አጭር ነው። ኦሪጅናሉን አትንኩ፤ ኮፒውን ቁረጡ። ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ከቆረጣችሁ የሚቀራችሁ ሩቡ ነው፤ 12 ሜጋፒክስል የነበረው 3 ይሆናል። አሳጥቤ ግድግዳ ላይ ልስቀል ስትሉ ታዲያ ጉድ ይፈላል። ሲቻል ደግሞ በእግራችሁ ቁረጡ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ከመቀስ ይሻላል (አፋፍ ላይ ግን እያያችሁ!)። በመጨረሻም፣ ልትጥሉት ያሰባችሁትን ነገር «የማን ነው?» በሉ። ባዶ ሃይላንድ ከሆነ ቁረጡት፤ ኧረ እንዲያውም ከመሬት አንሱት። የሰው ቤት ከሆነ ግን፣ ቀስ!