ለመተማ ሜዳ የሚሆን ካሜራ

አንድ የገንዳ ውሃ ልጅ ጻፈልኝ። የሰፈሩን የእግር ኳስ ውድድር ማንሳት ይፈልጋል። በስልኩ ሞክሮ ተጫዋቾቹ ጉንዳን አክለው ወጡበት። «በትንሽ ብር የትኛው ካሜራ ይሻለኛል?» ይላል። ከኮኪት እስከ ሽንፋ፣ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገለጎ ይህንኑ የሚጠይቅ ወጣት ስለማይጠፋ መልሱን እዚሁ ልጻፈው።

ወንድሜ፣ ከካሜራው በፊት ስለ ሰዓቱ እናውራ። ቆላ ላይ ኳስ የሚጀመረው ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ጨዋታው በጠራራ ብርሃን ይጀምርና ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያስቸግር ያልቃል። ምርጫህን ከምንም በላይ የሚወስነው ይህ ነው።

የፎቶ ሰዎች የሚሠሩበት የቆየ ልክ አለ። በጠራ ፀሐይ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ካደረግህ፣ የሹተሩ (የመዝጊያው) ፍጥነት 1/100 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 5.6 ስትከፍተው 1/800 ይደርሳል፤ አይኤስኦውን ወደ 200 ስታሳድገው ደግሞ 1/1600። ይህ ለእግር ኳስ ይበቃል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ የሚራመደው 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ1/60 ግን 13 ሴንቲ ሜትር ይሄድብሃል፤ ፊቱ ተድበስብሶ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

ኤፍ 5.6 ደግሞ የርካሾቹ ዙም ሌንሶች ቀዳዳ ነው። አውሮፓ ውስጥ ማታ በመብራት የሚሠራ ሰው ኤፍ 2.8 ለሆነ ትልቅ ሌንስ ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያፈሰው በአብዛኛው የጎደለውን ብርሃን ለማካካስ ነው። አንተ ግን ብርሃኑ ሞልቶልሃል። የቆላው ሰው በፀሐዩ ሲማረር እንጂ ሲጠቀምበት ብዙም አይታይም፤ በዚህ ሥራ ግን ፀሐዩ ሀብትህ ነው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ለ1/1000 አይኤስኦ 800 ወይም 1600 ያስፈልግሃል። ከጠለቀች በኋላ 3200ም ላይበቃህ ይችላል፤ ያኔ ፎቶው ይሻክራል። ስለዚህ ዋናውን ሥራህን በመጀመሪያው አጋማሽ ጨርስ፤ ምዕራቡን ከጀርባህ አድርገህ ቁም።

እንግዲህ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ? ወደ ርቀት። አንድ ተጫዋች ከራስ እስከ እግሩ ፍሬሙን እንዲሞላልህ፣ በስልክ ዋና ሌንስ ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት መጠጋት አለብህ። ከካሜራ ጋር በሚሸጠው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ አምስት ስድስት ሜትር ያህል ነው። በካኖን 55-250 ግን 25 ሜትር ላይ ቆመህ ትሞላዋለህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አታሳድደው። የሜዳው ርዝመት 100 ሜትር ገደማ ነው፤ በወዲያኛው ጎል የሚሆነው ለዓይንህ ይሁን። አንዱ ጎል አጠገብ፣ ከኮርናው ትንሽ ገባ ብለህ ተቀመጥና ጨዋታው ወደ አንተ እስኪመጣ ጠብቅ።

ካሜራውን በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ አዲስ አትግዛ። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ምን ያህል እንደወደቀ ታውቃለህ፤ በካርቶን የታሸገ አዲስ ካሜራ ብትፈልግ አቅምህ የሚደርሰው እንደ ካኖን 4000ዲ ያለው የጀማሪ ካሜራ ጋ ነው። እሱ በሰከንድ 3 ፎቶ ብቻ ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ካኖን 7ዲ በሰከንድ 8 ያነሳል፤ አካሉ ማግኒዥየም ነው፤ በተለይ ደግሞ የሚሮጥ ሰው ላይ ፎከሱን ይዞ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ኒኮን ዲ7000 በሰከንድ 6 ያነሳል፤ በደካማ ብርሃን ከ7ዲ የጠራ ፎቶ ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ለምሽት ጨዋታ ዲ7000ን አነሳለሁ። አንተ ግን ዙሪያህ ያሉት ፎቶ ቤቶች የያዙትን ብራንድ ያዝ። ባትሪ ሲያልቅብህ ወይም ሌንስ ሲቸግርህ ማዋስ የሚችሉት እነሱ ናቸው። ኒኮን ከሆነ ምርጫህ፣ ሌንሱ ላይ «ኤኤፍ-ፒ» የሚል ጽሑፍ ካየህ ተወው፤ ዲ7000 ላይ ፎከስ አያደርግልህም። «ኤኤፍ-ኤስ» የሚለውን ፈልግ። የሜጋፒክስሉ ብዛት አያስጨንቅህ፤ 16ም ሆነ 18 ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ ይተርፋል።

ያገለገለ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ከሰርግ የመጣ ነው። አንድ ሰርግ ላይ ሹተሩ በሺዎች ጊዜ ይከፈታል፤ የ7ዲም የዲ7000ም ሹተር የተፈተነው ለ150,000 ነው። ስንት እንደተነሳበት ጠይቅ። ሻጩ ፊት መንገድ ዳር ቁምና ወደ አንተ የሚመጣ ባጃጅ በተከታታይ አንሳ፤ ከአሥሩ ስምንቱ ካልጠሩ መልስለት። ቀዳዳውን አጥብበህ ሰማዩን አንሳ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ ሴንሰሩ አቧራ ጠጥቷል።

አቧራና ሙቀት የቆላው ፈተና ናቸው። ብዙዎቹ እነዚህ ካሜራዎች እስከ 40 ዲግሪ እንዲሠሩ ነው የተዘጋጁት፤ መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ መተማ ላይ ከዚያ ያልፋል። ካሜራውን ፀሐይ ላይ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ አትተወው፤ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው። ሜዳ ላይ ሌንስ አትቀይር። እኩለ ቀን ላይ ከሩቅ ያነሳኸው ፎቶ ሁሉ የቀለጠ ቢመስል ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም፤ ከመሬት የሚነሳው ትኩስ አየር ነው የሚያርገበግበው። ቀርበህ አንሳ።

የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ደግሞ አለ። የሜዳው አፈር ገርጣ፣ ሰማዩ ነጣ ሲል ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልማል፤ የልጆቹ ጥቁር ፊት ጥላ ሆኖ ይቀራል። ጎንደር ላይ ጥምቀትን የሚያነሱ ሰዎችም ይቸገሩበታል፤ ነጭ ለብሶ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የቆመውን ሕዝብ ካሜራው አይቶ ወደ ውሃው የሚዘለውን ልጅ ፊት ያጠፋዋል። የብርሃን ማስተካከያውን አንድ ደረጃ ወደ መደመር አምጣው። ሰማዩ ነጭ ይሁን፤ ፊቱ ይታይ።

በተከታታይ በመተኮስ ብቻ ግን አትመካ። በሰከንድ 8 ፎቶ ስታነሳ በሁለቱ መካከል የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ያልፋል፤ በሰከንድ 20 ሜትር የምትበር ኳስ በዚያ ውስጥ ሁለት ሜትር ተኩል ትሄዳለች። ቴስታ ሲመታ ኳሷ ግንባሩ ላይ ያለችበትን ቅጽበት ማሽኑ በዕድል ነው የሚያገኘው። አንተ ግን የሰፈሩ ልጅ ነህ። ማን በግራ እንደሚመታ፣ የትኛው በረኛ ቀድሞ እንደሚወድቅ ታውቃለህ። ከአዲስ አበባ ውድ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ይህን አያውቅም።

በታሪክ መጽሐፍ መተማ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ መውደቂያ ናት፣ 1881 ዓ.ም.። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሚሸሹ ሰዎች በድንበሩ ሲገቡ የዓለም ካሜራ መጣ፤ ኩመርና አውላላ የመጠለያ ስም ሆነው ታወቁ። ያ መነሳት ነበረበት። ግን በዚያው አፈር ላይ በየማታው ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹ አየር ላይ ሆነው፣ ጡንቻቸው ተወጥሮ፣ ደስ ብሏቸው የተነሱት አንድም ፎቶ የላቸውም። ወደፊት ልጆቻቸው «አባታችን ኳስ ይጫወት ነበር?» ሲሉ የሚያሳዩት ነገር እንዲኖራቸው እፈልጋለሁ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚያ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ረጅም ሌንስ ከሩቅ ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ጊዜውም ክፉ ነው። በኬላ፣ በድልድይና በድንበር አካባቢ ካሜራውን ከቦርሳ አታውጣ። ወደ ሜዳ ስትሄድም ቀበሌውንና አሰልጣኞቹን አስቀድመህ አስፈቅድ፤ የልጆቹን ወላጆች ጠይቅ።

ጎንደርና ባሕር ዳር ያላችሁ የሰርግ ፎቶ አንሺዎች፣ ወደ አዲሶቹ ካሜራዎች ስትሻገሩ መደርደሪያ ላይ የተዋችሁት 55-250 ወይም 70-300 ሌንስ ካለ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ የምትሸጡ ወይም ለአንድ የውድድር ወቅት የምታውሱ ጻፉልኝ። ከልጁ ጋር አገናኛችኋለሁ።