«ደረስን» ለማለት

ለእረፍት የሚሄድ ሰው ስልኩን ዘግቶ ይሂድ የሚል ምክር በዝቷል። በሬዲዮ ይነገራል፣ በመጽሔት ይጻፋል፣ በዩቲዩብም ይተላለፋል፤ ከኢንተርኔት ራቁ የሚለውን ምክር በኢንተርኔት መቀበላችንን ልብ ያለው ሰው ያለ አይመስልም። ባሕሩን እዩ፣ አሸዋው ላይ ተንጋለሉ፣ መልእክት የሚባል ነገር እርሱ ይሉናል። ምክሩ ክፋት የለውም። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን መጥፋቱ ማንንም የማያስደነግጥ ሰው የጻፈው ይመስለኛል። የእኛ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ስልኩ እምቢ ካለ እናቱ ለጎረቤት ታወራለች፣ ጎረቤት ለእህቱ ትደውላለች፣ እህት ጅዳ ላለችው አክስት መልእክት ትሰዳለች፣ አክስት ትደነግጥና መልሳ ለእናት ትደውላለች። እናት ይኼኔ «ጅዳም ተሰምቷል ማለት ነው» ብላ ለቅሶ ትቀመጣለች።

እኔና ባለቤቴ ወደ ዛንዚባር ስንነሳ ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስትደርሱ ደውሉ»። አውሮፕላኑ ማረፉ፣ ሻንጣው መውጣቱ፣ ታክሲው ደሴቲቱን አቋርጦ ፓጄ ማድረሱ ለእሷ መድረስ አይደለም። ተጓዥ የሚደርሰው ሲደውል ነው።

ፓጄ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ አሁን ግን ከዓሣ አጥማጁ ይልቅ እንግዳ ማረፊያው በዝቷል። ያረፍንበትን ቤት ስንይዝ ዋይፋይ አለ ተብለን ነበር። አልዋሹም፣ አለ። ያለው ግን እንግዳ መቀበያው ጋ ነው። የመኝታ ክፍሎቹ ግድግዳ በኮራል ድንጋይና በኖራ የተገነባ ወፍራም ግድግዳ ነው፤ ሙቀቱን እንደሚመልሰው ሁሉ ሲግናሉንም ይመልሰዋል። ራውተሩ በማንግሮቭ እንጨት ምሰሶ ላይ በምስማር ተንጠልጥሏል። ሲመሽ አንዲት እንሽላሊት ሙቀቱ ተስማምቷት ትለጠፍበታለች፤ አረንጓዴው መብራት ከሆዷ ሥር ብልጭ ድርግም ይላል። ከእራት በኋላ የየሀገሩ ሰው እዚያ ምሰሶ ሥር ጠበል ወረፋ እንደያዘ ይኮለኮላል። ወሬ የለም፣ ሳቅ የለም፤ አልፎ አልፎ አንዱ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳና መልሶ ያወርደዋል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና ይላል። የዛንዚባር መብራት ከታንዛኒያ ዋናው ምድር በባሕር ሥር ኬብል ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 ያ ኬብል ተበላሽቶ ደሴቲቱ እስከ ማርች 2010 ድረስ ሦስት ወር ያህል በጨለማ ከርማለች። እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስና ጠንካራ ኬብል ተዘርግቷል፤ ቢሆንም መቆራረጡ ጨርሶ አልቀረም። ራውተሩ ሲሞት የሞባይሉ ማማ በባትሪ ይሠራልና አዋቂ የሆነ እንግዳ የሀገሩን ሲም ይገዛል።

ሲሙን የገዛሁት መንገድ ዳር ካለች፣ ሳሙናና ብስኩት ጭምር ከምትሸጥ ሱቅ ነው። ፓስፖርት ተጠየቅኩ፣ ቀጥሎ የጣት አሻራ። መሣሪያው አውራ ጣቴን አላውቅሽም አለ። ጨው፣ የፀሐይ ቅባት፣ ላብ፤ ምን ያድርግ? ባለሱቁ ወጣት ጣቴን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ደጋግሞ ጫነው። አልሆነም። «ነገ ሳ ታቱ ተመለሺ» አለኝ፣ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። አጠገቤ አንድ ጀርመናዊም እንደኔ ተቀጥሯል። ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደኛው ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ ሦስት ሰዓት ማለት ፀሐይ ከወጣች ሦስት ሰዓት። እኔ በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ሲሜን አውጥቼ፣ ዳታ ሞልቼ፣ ተመለስኩ። ጀርመናዊውን ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ በእሱ ሦስት መሆኑ ነው፣ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ሰዓቱን ሲያይ አገኘሁት። ባሕር ማዶ ሄጄ በሰዓት አቆጣጠራችን የኮራሁት ያን ቀን ነው።

እናቴ የምትቀበለው ኢሞ ብቻ ነው። ኢሞን ያስተማረቻት ጅዳ ያለችው እህቷ ናት፤ በሌላ መንገድ የመጣ ድምፅ አታምንም። የድምፅ መልእክት ልኬላት ነበር፣ «ድምፅሽን ሰምቻለሁ፣ ፊትሽን አሳዪኝ» አለችኝ። ፊቴን አሳየኋት። «ጠቁረሻል» አለችና አረፈች።

ከጎናችን ያሉት ባልና ሚስት ክፍሉ ውስጥ ዋይፋይ አለመኖሩን እንደ በጎ ነገር ነው የቆጠሩት። ስልኮቻቸውን ካዝና ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ለእንግዳ ተቀባዩ ሰጥተዋል። አልፈርድባቸውም፣ እንዲያውም ቀንቻለሁ። ሲመለሱ የሚጠብቃቸው የቢሮ ኢሜይል እንጂ ሀዘን የተቀመጠ ቤት አይደለም። እረፍታቸውን የሚጠብቅላቸው ስልካቸውን መቆለፋቸው ብቻ አይመስለኝም። እነሱ ዝም ሲሉ «ሰላም ናቸው» ብሎ የሚያስብ ዘመድ ስላላቸውም ነው።

ዛንዚባር ራሷ ከሩቁ ዓለም ጋር በሽቦ የተገናኘችው በመርዶ ጥድፊያ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1879 የዙሉ ጦር ኢሳንድልዋና ላይ የእንግሊዝን ጦር ደመሰሰ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞተው ከ1,300 በላይ ነበር። ወሬው ለንደን የደረሰው ፌብሩዋሪ 11 ቀን ነው። እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቅ የቴሌግራፍ መስመር ስላልነበረ ዜናው የመንገዱን አጋማሽ በመርከብ መጓዝ ነበረበት። ሃያ ቀን ሙሉ እናቶች ልጆቻቸው በሕይወት ያሉ መስሏቸው ደብዳቤ ሲጽፉላቸው ከረሙ። ከዚያ በኋላ ነው ኬብሉ የተጣደፈው፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከኤደን ተነሥቶ በዛንዚባርና በሞዛምቢክ አድርጎ ደርባን ገባ። መንግሥት የፈለገው ለጦሩ ነው እንጂ ለእናቶቹ አይደለም፣ ይታወቃል። ሽቦው ግን ሁለቱንም ይሸከማል።

ዛሬም መንገዱ ያው ባሕሩ ነው። «ኢሲ» እና «ሲኮም» የሚባሉት ኬብሎች ከደቡብ አፍሪካ ተነሥተው፣ ዳሬሰላምን ነክተው፣ ወደ ጅቡቲ ይወጣሉ፤ ጅቡቲ ደግሞ ለእኛም ኢንተርኔት ዋናዋ በር ናት። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2024 ሁለቱም ከደርባን ሰሜን በአንድ ቀን ተበጠሱና ታንዛኒያ ክፉኛ ተመታች። ባለሱቁ ወጣት ቀኑን ያስታውሰዋል፤ መንደርተኛው ሁሉ ጥፋቱ የራሱ ስልክ መስሎት እያጠፋ ያበራ ነበር አለኝ። እሱም እኔን ስለ ሀገሬ ጠየቀኝ። እኛ ጋ ኬብል ሳይበጠስም ይጠፋል ብዬ ላስቀው ፈልጌ ነበር፣ አንደበቴ አልታዘዘኝም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር። ከጥቅምት 2013 መጨረሻ በኋላ ደግሞ ትግራይ ውስጥ ወላጅ የነበራቸው ሰዎች ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቆርጦ ወራት ቆጥረዋል። አዲስ አበባ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት የአባቷን ሞት የሰማችው ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። «ስልክህን ዝጋና ረፍ» የሚለውን ምክር ለእሷ የሚነግር ሰው ካለ እኔ በሌለሁበት ይንገራት።

በፓጄ ጥሩው ኔትወርክ የሚገኘው ባሕሩ ሲሸሽ ነው። ውሃው እስከ ኮራሉ አጥር ድረስ ይሄድና ሰፊ ነጭ ሜዳ ጥሎ ይቀራል፤ ግድግዳ የለ፣ ዘንባባ የለ፣ ሲግናሉ ይሞላል። ያኔ የመንደሩ ሴቶች ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚህ የባሕር አረም ያመርታሉ፤ በእንጨት ችካል መሃል ገመድ ወጥረው፣ ቡቃያውን በየገመዱ አስረው፣ ሲያድግ ለቅመው ያደርቁታል። ከዚያ የሚወጣው ማያያዣ አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባል።

ለእማዬ የደወልኩት እዚያ ቆሜ ነው። «ባሕሩ የታል?» አለችኝ። «ሄዷል፣ ማታ ይመለሳል» ብላት ለራሷ የሆነ ነገር አጉረመረመች። በዚህ መሃል ጉልበት በማይሞላ ውሃ ውስጥ ተቀምጣ ገመድ የምታስር አንዲት ሴትዮ ቀና ብላ «ሳላማ» አለች። እማዬ ሰማች። «ሰላም! እንዴት ዋልሽ እናቴ፣ ልጆችሽ ደኅና ናቸው፣ ሥራው እንዴት ነው» ብላ ቀጠለች። ሴትየዋም እጇን ከገመዱ ሳታነሳ በስዋሂሊ ትመልሳለች፤ ስለ ሀገሩ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ጤናው ይመስለኛል። ሁለቱም የሰላምታን ሥርዓት ያውቃሉና አንዷ ሌላዋን አላቋረጠችም። እኔ ስልኩን በመሃላቸው ዘርግቼ ዳታዬ ሲሟጠጥ አያለሁ። «አሜን» ላይ ተቋረጠ።

ማታ ካርድ ሞልቼ መልሼ ስደውል እማዬ ስለ እኔም ስለ ባሌም አልጠየቀችም። «ያቺን ሴትዮ» አለችኝ፣ «ውሃ ላይ አትቀመጪ በያት። ወገቧን ይይዛታል።»