ሐብሺ

በ2003 ዓ.ም. በህንድ የምንማር አራት ኢትዮጵያውያን፣ ትምህርት ሲዘጋ ከደቡቡ ጠረፍ ተነሥተን ዋና ከተማዋን ዴልሂን ልናይ ሄድን። የባቡሩ ጉዞ ከአንድ ቀን በላይ ፈጀብን።

ሻህ ጃሃን በ17ኛው ምዕተ ዓመት ያሠራውን ቀይ ምሽግ ጎብኝተን፣ በአሮጌዋ ዴልሂ ጠባብ መንገዶች ስናልፍ ልጆች «ሐብሺ! ሐብሺ!» እያሉ ተከተሉን። ደስ አለኝ። በሰው አገር በስማችን የሚጠራን ተገኘ ብዬ ዞሬ እጄን አውለበለብኩላቸው። ሳቁ። ቃሉ በዚያ ለጥቁር ሰው የሚወረወር ስድብ መሆኑን የነገረኝ ከእኛ ቀድሞ የመጣው ጓደኛችን ነው። ያነሣሁትን እጅ የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

በማግስቱ ኩትብ ሚናርን አየን። 73 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከዚህ የድንጋይ ግንብ አጠገብ የሱልጣን ኢልቱትሚሽ መቃብር ይገኛል። አንድ አረጋዊ አስጎብኚ አገራችንን ጠየቁን፤ ነገርናቸው። «የያቁት አገር ሰዎች!» አሉና ታሪኩን አወጉን። የኢልቱትሚሽ ልጅ ራዚያ ከ1236 እስከ 1240 እ.ኤ.አ. በዴልሂ ዙፋን ላይ ተቀምጣ ስትገዛ፣ ጀማል አድዲን ያቁት የተባለውን ሐበሻ የፈረሶቿ ባልደራስ አድርጋ ሾመችው። የቱርክ መኳንንት በባዕድ ሹመት ተቆጡ፤ ሁለቱንም በፍቅር አሟቸው፤ ባመፁ ጊዜ ያቁትን ገደሉት። ስሙ በዐረብኛ የከበረ ድንጋይ ማለት ነው። አስጎብኚው ይህን ሁሉ ያወቁት ዳርሜንድራ ፊቱን አጥቁሮ ያቁትን ሆኖ ከተወነበት የ1983 ፊልም መሆኑን አልደበቁንም።

ሲመሽ ከቱርክማን በር ወዲያ የራዚያ ነው የሚባለውን መቃብር ፈልገን አገኘነው። በቤቶች መካከል ጣሪያ የሌለው ግቢ ነው። ሁለት መቃብሮች አሉ፤ አንዱን የእርሷ፣ ሌላውን የእኅቷ ይሉታል። የባልደራሱ የለም። ከርሱ በዚያች ከተማ የቀረው ሐሜቱና የአገሩ ስም ነው፤ የአገሩንም ስም ልጆች ለስድብ ያውሉታል ብዬ አዘንኩ።

ሐዘኔ ግን ብዙ አልቆየም፤ ትዝታ ደረሰበት። ጣና ዳር ስናድግ፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ ነገደ ወይጦ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ «ወይጦ! ወይጦ!» እያልን እንከተላቸው ነበር። ቃሉ የሕዝብ ስም ነው፤ ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የተሸከሙትን ደንገል መሬት አስቀምጠው፣ ምንም ሳይናገሩ ዞረው አዩን። እኛ ሳቅን። ያን ሳቅ ዴልሂ ላይ በሽማግሌው ጆሮ ሰማሁት።

ወደ ባሕር ዳር ተመልሼ ባንክ ከተቀጠርኩ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ታንኳ ሠሪ የቁጠባ ሒሳብ ሊከፍቱ ከመስኮቴ ፊት ቆሙ። ቅጹን ሞላሁላቸው። ደብተራቸው ሲያልቅ፣ በወረፋ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እንዲሰማ «አቶ» ብዬ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጠራሁ። ተነሥተው መጡ፤ ደብተሩን ተቀብለው በደረት ኪሳቸው ከተቱና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኝ ሄዱ። ለእርሳቸው ተራ ነገር ነበር። እኔ ግን የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ለመጥራት ጥቂት ዘገየሁ።