የምድር ባቡር ልጅ በሞናኮ

እማዬ ልትጠይቀኝ ከድሬዳዋ ጄኖቫ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። እኔ እዚህ አንዲት አረጋዊት ሴት እየጦርኩ ነው የምኖረው። የሙሉ ቀን ዕረፍቴ እሑድ ብቻ ነው፤ እሱም በቤተ ክርስቲያን ያልቃል። እማዬን ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ከማመላለስ በቀር የትም አልወሰድኳትም ነበር፤ ይህ ነገር ሌሊት ሌሊት ይከነክነኛል። አንድ ማታ ቴሌቪዥን ላይ የሞናኮን ወደብ አየችና «ይሄ ከዚህ ሩቅ ነው?» አለችኝ።

«ሩቅ እንኳ አይደለም፤ በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ግን እማዬ፣ እዚያ ሁሉ ነገር እሳት ነው። የኛ ዓይነት ሰው አይሄድበትም» አልኳት።

ስለ ዋጋው የነገርኳት ጆሮዋ አልገባም። የሰማችው አንድ ቃል ነበር። «በባቡር?» አለች።

እናቴ የምድር ባቡር ልጅ ናት። አያቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ድሬዳዋ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ነው። እሷ ያደገችው የሊቶሪና ባቡሩን ጡሩንባ እየሰማች፣ የሚያልፉትን ፉርጎዎች ከእህቶቿ ጋር እየቆጠረች ነው። ከተማዋ ራሷስ ብትሆን? ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከበደውና ከሥሩ ባለው ሜዳ አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ በ1917 ነው። ባቡር መጀመሪያ፣ ከተማ በኋላ። የድሬ ልጅ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚያውቀው።

አሠሪዎቼን አንድ ሐሙስ አስፈቀድኩ። እማዬ ከዋዜማው ዳቦ ቆሎ ቋጠረች፣ እኔ ዳቦና እንቁላል አዘጋጀሁ፣ ፔርሙዝ ሙሉ ቡና አፈላን። ገና ሳይነጋ ጄኖቫ ጣቢያ ነበርን። ይህን መንገድ ለመሄድ ለምታስቡ አንድ ምክር አለኝ፦ በስተግራ በኩል ባለው መስኮት ተቀመጡ። ባሕሩ ቬንቲሚሊያ እስክትደርሱ ድረስ በዚያ በኩል ነው። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ ይጨልማል፤ ሲወጣ ድንገት ባሕር ነው። እማዬ ከዋሻ በወጣን ቁጥር «እሰይ!» ትላለች። ስንተኛው ዋሻ ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ እኔም አብሬያት «እሰይ!» ማለት ጀመርኩ።

ቬንቲሚሊያ የጣሊያን የመጨረሻ ከተማ ናት፤ እዚያ ወርዶ የፈረንሳዩን ባቡር መያዝ ነው። ጣቢያው ደጃፍ ላይ አንድ ልጅ ቀረበንና «ሐበሻ ናችሁ?» አለን። ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስልም። በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ደርሷል። አሁን የቀረው ይህች አንዲት ድንበር ናት፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ መልሰውታል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዚህ ድንበር ፍተሻው ጠብቋል። ከኤርትራ፣ ከሱዳን፣ ከኛም አገር የመጡ ወጣቶች በባሕሩ ዳር አለትና በድልድይ ሥር ሲያድሩ ከርመዋል፤ በዚሁ ሐዲድ ላይ፣ በዋሻዎቹ ውስጥ ሕይወታቸው ያለፈም አሉ። እማዬ የዳቦ ቆሎውን ቋጠሮ እንዳለ አንስታ ሰጠችው። «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ጠየቀችው፣ ስሙን ጠየቀችው፣ መረቀችው። እኔ ሰዓት ሰዓት እያየሁ «እማዬ፣ ባቡሩ» አልኳት። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ድንበሩን እንዳለፍን የመጀመሪያዋ የፈረንሳይ ጣቢያ ማንቶን ጋራቫን ናት። ባቡሩ ቆመ፤ ፈታሾች ገቡ። የኛን ወረቀት ጠየቁ። እማዬ ፓስፖርቷን በሁለት እጇ ዘርግታ ሰጠች፣ ቪዛዋን አይተው መለሱላት፣ የኔንም መኖሪያ ፈቃድ እንዲሁ። ጥቂት ደቂቃ ነው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ግን እማዬ «እሰይ» አላለችም። የሎሚ ዛፍ በየግቢው በሚታይበት በማንቶን በኩል ዝም ብለን አለፍን።

ከዚያ ሞናኮ።

ጣቢያው ተራራው ሆድ ውስጥ ነው። የመሬት ጥበት ቢያስቸግራቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ሐዲዱንም ጣቢያውንም ወደ ውስጥ አስገቡት፤ የድሮው ሐዲድ ይዞት የነበረው መሬት ለከተማው ተረፈ። እማዬ ምልክቱ ላይ የተጻፈውን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። «ጋር» አልኳት፣ «ላ ጋር»። ቆመች። «ለገሀር!» አለች፣ ፊቷ በርቶ። «አባባ የሚሉት ለገሀር!» አዲስ አበባ ላይ የሰፈር ስም ሆኖ የቀረው ቃል እዚያ ግድግዳው ላይ ተጽፎ ነበር። እንግድነቷ ያን ጊዜ ለቀቃት።

ወደ ወደቡ በሚያወጣው በር ወጥተን መጀመሪያ ያገኘነው ገደል ሥር የተጠጋች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅድስት ዴቮታ ትባላለች። ዴቮታ የኮርሲካ ልጅ ነበረች። በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በሰማዕትነት አረፈች፤ ሥጋዋን በጀልባ ሲያሸሹ ማዕበል ተነሳና ርግብ እየመራች እዚህ ዳርቻ አደረሰቻቸው ይላል ትውፊቱ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጃንዋሪ 26 ማታ በስሟ ጀልባ ያቃጥላሉ። ዲዮቅልጥያኖስ ስል እማዬ ወዲያው አማተበች። ያን ስም ከስንክሳር ታውቀዋለች፤ ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረው ከእሱ ዘመን ነው። «እዚህም ደርሷል ለካ» አለችና ጧፍ ስላልነበራት ሻማ አበራች። በሞናኮ ያወጣነው የመጀመሪያው ገንዘብ ይህ ነው።

የእማዬ ጉልበት ደረጃ አይወድም። ሞናኮ ደግሞ ገደል ላይ የተለጠፈች አገር ናት፤ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ፣ እሷም ቁልቁልና አቀበት። እኔን የከበደኝ እሱ ነበር። ግን በየመንገዱ አሳንሰር አለ፤ አንዱ ጎዳና ላይ ገብታችሁ ሌላው ጎዳና ላይ ትወጣላችሁ። በደርዘን ይቆጠራሉ፤ ትኬት የለውም፣ ጠያቂ የለውም፣ የሀብታሙም የአትክልተኛውም ነው። እማዬ የመጀመሪያው ላይ «ስንት ነው?» አለች። «ነፃ ነው» ስላት አላመነችኝም፤ አንዲት አሮጊት ዘንቢል ይዘው ሲገቡ አይታ ነው የገባችው።

በገበያው አደባባይ ባርባጁዋን የሚሉትን በቆስጣና በአይብ የተሞላ ጥብስ ሁለት ገዛን። ሳምቡሳ የሚያውቅ ሰው ባርባጁዋንን ያውቀዋል። ያንን ከዳቧችንና ከእንቁላላችን ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን በላን፣ ቡናችንን ቀዳን። ቀና ብሎ ያየን የለም። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ያንን ነበር፤ የሰው ዓይን።

ቤተ መንግሥቱ በቆመበት አለት ላይ የገዢዎቹን አርማ አሳየኋት። ሁለት መነኮሳት ሰይፍ መዝዘው የቆሙበት ነው። ታሪኩ ከኔ ከተማ ይጀምራል፦ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1297 ፍራንቼስኮ ግሪማልዲ የሚባል የጄኖቫ ሰው የመነኩሴ ልብስ ለብሶ የምሽጉን በር አንኳኳ። ምስኪን መነኩሴ መስሏቸው ከፈቱለት፤ ከልብሱ ሥር ሰይፍ ወጣ። ዛሬም ገዢው ቤተሰብ ግሪማልዲ ነው። እማዬ ረጅም ጊዜ አርማውን አየች። «በቆብ ገብቶ!» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ያን ጊዜ በሩን የከፈቱት ልብሱን አይተው ነው። ያ የጠዋቱ ልጅ ግን ከልብሱ ሥር ከዳቦ ቆሎ በቀር ምን አለው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ ካዚኖው ፊት ለፊት ካለው መናፈሻ ተቀምጠን ሳለ የአገሩን ታሪክ ነገርኳት፤ ለእሷም ከእኔ ቀድሞ ገባት። እ.ኤ.አ. በ1861 ሞናኮ ማንቶንንና ሮክብሩንን ለፈረንሳይ በ4 ሚሊዮን ፍራንክ ለቀቀች። አብዛኛው መሬቷ በዚያ ሄደ፣ ሎሚውና ወይራው ሄደ፤ አለቱና ባዶው ኮረብታ ቀረ። ልዑሉ ቀድመውም ካዚኖ ሞክረው ነበር፤ ግን ማን ይምጣ? መንገዱ የገደል መንገድ ነው፣ ሌላው አማራጭ ጀልባ ነው። በ1863 ፍራንሷ ብላን የሚባል ሰው ሥራውን ያዘው፤ በ1866 ኮረብታው በልዑል ሻርል ስም ሞንቴ ካርሎ ተባለ። በ1868 ደግሞ ከኒስ ባቡር ገባ። በዓመቱ፣ በ1869፣ ልዑሉ ከነዋሪው ግብር አነሱ። የዛሬዋ ሞናኮ የተወለደችው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ነው።

«እንደ ድሬ» አለች እማዬ። «ባቡሩ ባይመጣ ድንጋይ ነበረች።»

እውነቷን ነው። ከፊታችን የቆሙት መኪኖች አንዳቸው የእኔን የአሥር ዓመት ደመወዝ ይበልጣሉ፤ ያቺ ኮረብታ ግን በመኪና አልተሠራችም። ሰው ሁሉ ትኬት ቆርጦ በሚሳፈርበት ባቡር ነው የተሠራችው። እማዬ ወዲያው የድሬዳዋው አሮጌ ሐዲድ አገልግሎት ሲቆም በከዚራ ጣቢያ ዙሪያ የሆነውን አነሳች፤ ሻይ የሚሸጡት፣ ሻንጣ የሚሸከሙት፣ ፍራፍሬ ይዘው መስኮት ለመስኮት የሚሮጡት እንዴት እንደተበተኑ። አሁን አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ይሠራል፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። «ባቡር መሃል ከተማ ሲገባ ነው ሰው የሚጠቀመው» አለች። የፕላን መሐንዲስ አይደለችም እናቴ፤ ሐዲድ ዳር ያደገች ሴት ናት።

እኔም ማየት የምፈልገው አንድ ቦታ ነበረኝ፤ ሉዊ ሁለተኛ ስታዲየም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2015 ገንዘቤ ዲባባ እዚያ 1500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሴኮንድ ሮጣ ከ1993 ጀምሮ ማንም ያልነካውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ያን ሌሊት እኔ ለጣሊያን አዲስ ነበርኩ። ቋንቋ አልያዝኩም፣ ቤት ቤት እያልኩ አለቅስ ነበር። ኩሽና ውስጥ ቆሜ በስልኬ ነው ያየኋት። ብቻዋን ከፊት ስትገሰግስ፣ ሰዓቱ ሲቆም እጇን ስታነሳ። በማግስቱ ወደ ሥራ ስገባ ሰውነቴ ቀና ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ። ስታዲየሙ ዝግ ስለነበር ከውጭ ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት። እማዬ ምንም ሳትጠይቀኝ እሷም ነካችው።

በመጨረሻ ላርቮቶ ወረድን፤ የሕዝብ ባሕር ዳርቻ ነው፣ መግቢያ የለውም። እማዬ ነጠላዋን አደግድጋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ዕድሜዋን ሙሉ ከጅቡቲ የሚመጣ ባቡር ስታይ የኖረች ሴት ባሕር ስትነካ የመጀመሪያዋ ነበር። ጨዋማነቱን በጣቷ ቀመሰች። «አባባ የሚነግሩን ባሕር» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

የማታው ባቡር ጢም ብሎ ነበር። ሞናኮ ውስጥ የሚኖረው 38,000 ያህል ሰው ነው፤ እዚያ የሚሠራው ግን ከ50,000 ይበልጣል፣ አብዛኛውም ማታ ማታ ወደ ፈረንሳይና ወደ ጣሊያን ይመለሳል። አልጋ አንጣፊው፣ ወጥ ቤቱ፣ ግንበኛው፣ ሕፃን ጠባቂዋ በዚያ ባቡር ነበሩ። ከአጠገባችን የቆመች ሴት እጇ የኔን እጅ ይመስላል፤ ሳሙና የበላው። እማዬ ተጠጋችላትና አስቀመጠቻት። ሳትግባቡ የተግባባችሁበት ቀን ካለ ታውቁታላችሁ። ሴትየዋ ማንቶን እስክንደርስ እማዬ ትከሻ ላይ ተኛች።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በየስደቱ አገር እንደ እኔ «ውድ ነው» እያላችሁ ለተቀመጣችሁ ነው። ዋጋውን ጠይቄ አልነበረም «የኛ ዓይነት ሰው አይሄድበትም» ያልኩት። እዚያ ማደር ውድ ነው፣ መብላት ውድ ነው፣ መኖርማ አይነሳ። ባቡሩ፣ አሳንሰሩ፣ አግዳሚው ወንበር፣ ባሕሩ ግን የሕዝብ ናቸው፤ እኔና እናቴም በዚያ ቀን ሕዝብ ነበርን። ወላጆቻችሁ ሲመጡ በቤት አታስቀምጧቸው። ዳቦ ቋጥሩና አሳፍሯቸው።

ቬንቲሚሊያ ስንደርስ እማዬ ያን ልጅ በጣቢያው ሁሉ ፈለገችው። አልነበረም።

አሁን ድሬዳዋ ተመልሳለች። ለጎረቤቶቿ ስለ ካዚኖው አታወራም አሉ፤ የምታወራው ስለ አሳንሰሩ ነው፣ ጉልበቱን የሚያመውን ሰው ከተማው ራሱ ተሸክሞ ስለሚያወጣበት። ስደውልላት ግን ጤንነቴን ከመጠየቋ በፊት አንድ ጥያቄ አላት።

«ያ ልጅ ተሻገረ ይሆን?»