ሦስት ጊዜ «ተመለስ» የተባለ ሰው

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ምሳሌ ያልሰማ ያገሬ ሰው የለም። ምሳሌውን ማወቅና ነገር ሲገጥም እንደ ምሳሌው መሥራት ግን ለየቅል ናቸው። የሰው ባሕርይ ችኩል ስለ ሆነ ፊቱን ያጠቈረበትን ሰው «ጠላቴ ነው» ይላል፤ እንቢ ያለውንም «ናቀኝ» ይላል። እኔ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የምወደው ስለዚህ ነው። ደኅና ደራሲ የጻፈው እንደ ሆነ፥ አንባቢው በመጀመሪያው ገጽ የፈረደበትን ሰው በመጨረሻው ገጽ ነጻ እንዲያወጣ ያስገድደዋል።

ከእነዚህ መጻሕፍት መካከል ለወጣቶች ደጋግሜ የማነሣው የአሜሪካዊውን የሃሪ ከመልማንን ድርሰት ነው። ከመልማን በ1908 በቦስተን ተወልዶ በ1996 ያረፈ አይሁዳዊ ደራሲ ነው፤ ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው። በ1964 ባሳተመው «ዓርብ ዕለት ረቢው አርፍዶ ተኛ» በሚለው መጽሐፍ ዴቪድ ስሞል የሚባል ወጣት ረቢ፥ ማለት የአይሁድ ሕግ መምህር፥ እናገኛለን። ይህ ሰው የሚያገለግለው በማሳቹሴትስ የባሕር ዳርቻ፥ ደራሲው በአሳቡ በፈጠራት በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ምኩራቡን የሚያስተዳድሩት ምእመናን የመረጧቸው ሰዎች ናቸው፤ ረቢውን በውል የሚቀጥሩትም፥ ውሉ ሲያልቅ የሚያሰናብቱትም እነርሱ ናቸው። አንዲት ወጣት በምኩራቡ ግቢ ተገድላ ስትገኝ፥ የእጅ ቦርሳዋ ከረቢው መኪና ውስጥ ይገኛል። ውሉ እንዳይታደስ የሚሟገቱት የገዛ ምእመናኑ ሲሆኑ፥ እውነቱ እስኪታወቅ በትዕግሥት የሚያዳምጠው ካቶሊካዊው የፖሊስ አዛዥ ነው። በመጨረሻም ረቢው ከታልሙድ በተማረው የክርክር ዘዴ ምሥጢሩን ይፈታል።

በ1966 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ «ቅዳሜ ዕለት ረቢው ጦሙን ዋለ» ይባላል። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ጋብቻ ይጠጋል። በማስተስረያው ቀን ዋዜማ አንድ አይሁዳዊ በመኪናው ውስጥ እንዳለ ሞቶ ይገኛል። ሚስቱ አይሁዳዊት አይደለችም፤ ባሏ ግን በወገኖቹ መቃብር እንዲያርፍ ትፈልጋለች። ራሱን ገደለ የሚል ወሬ ይነሣና በማኅበሩ መካከል ጠብ ይሆናል። ረቢው ግን ያለ ማስረጃ በሙት ላይ አልፈርድም ብሎ ይጸናል። የሕግ ጥብቅነትና ርኅራኄ ባንድ ሰው ልብ አብረው እንደሚያድሩ እኔ ከዚህ ተማርሁ።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ የሚኖር አንድ የማውቀው ወጣት ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሬት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ወጣቱ በኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ነው፤ የወደዳት ልጅ ግን አይሁዳዊት ናት። ወላጆቿን ደስ ለማሰኘት ብሎ ሃይማኖቱን ሊለውጥ ወደ ረቢያቸው ሄደ። ረቢው «የአባቶችህ እምነት አለህ፥ ተመለስ» አሉት። ሁለተኛ ቢሄድ «አይሁዳዊ መሆን ከባድ ቀንበር ነው፥ ተመለስ» አሉት። ሦስተኛም ቢሄድ «ምን አስቸኰለህ? የምትተወውን ነገር አስቀድመህ እወቅ፥ ተመለስ» አሉት። «ጋሼ፥ ጥቁር ስለ ሆንሁ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም» ሲል ደመደመ።

እኔም ደብዳቤውን እንደ ወንጀል መርማሪ ደግሜ አነበብሁት። ከክሱ ጋር የማይስማማ አንድ ነገር በውስጡ አገኘሁ። ሰውዬው በየጊዜው አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀምጠው አነጋግረውታል፤ እስከ በር ሸኝተውታል፤ በሰንበት ጸሎት እንዲገኝም ጋብዘውታል። የሚንቅ ሰው እንዲህ አይደክምም። ደግሞስ ስለ ምን ሦስት ጊዜ? ስለዚህ «መጽሐፈ ሩትን አንሣ፤ ምዕራፍ አንድን አንብብና ኑኃሚን ምራቶቿን ስንት ጊዜ ተመለሱ እንዳለቻቸው ቍጠር» ብዬ መለስሁለት።

ቍጥሩ ሦስት ነው። የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት ከዚህ ንባብ ተነሥተው፥ ወደ እምነታቸው ሊገባ የሚመጣን ሰው ሦስት ጊዜ መመለስ ይገባል ብለው አስተማሩ። ዛሬ ሁሉም ረቢ ቃል በቃል ባይፈጽመውም፥ ልማዱ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ምክንያቱም የመጣው ሰው ለእግዚአብሔር ብሎ ይሁን ወይም ለሠርግ ብሎ እንዲለይ ነው። ሞዓባዊቷ ሩት ተመለሺ ብትባል አልተመለሰችም፤ ስለዚህም የንጉሥ ዳዊት ቅድመ አያት ለመሆን በቃች።

ሌላም ምክንያት አለ። ኦርቶዶክስና ኮንሰርቫቲቭ የሚባሉት የአይሁድ ወገኖች ሥርዓት ረቢ አይሁዳዊንና አይሁዳዊ ያልሆነን ሰው እንዲያጋባ አይፈቅድም፤ ሪፎርም የሚባለው ወገን ነገሩን ለረቢው ኅሊና ይተወዋል። ፒው የተባለው የጥናት ድርጅት በ2020 ባደረገው ጥናት፥ ከ2010 ወዲህ ካገቡት የአሜሪካ አይሁዶች 61 በመቶ የሚሆኑት የትዳር ጓደኛቸው አይሁዳዊ አይደለም። ቍጥሩ ጥቂት የሆነ ሕዝብ ልጆቹ የአባቶቻቸውን ጸሎት እንዳይረሱ ቢሰጋ አያስደንቅም። ሥጋቱን የማይቀበል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ሥጋትን ጥላቻ ብሎ መጥራት ግን ፍርድ ማጣመም ነው።

ወጣቱ አራተኛ ጊዜ ሄደ። አሁን የሄደው ሊለምን ሳይሆን ሊጠይቅ ነበር። «ነገሩ የሩት ነገር ነውን?» ቢላቸው ረቢው ከልባቸው ሣቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጦሞችና በዓላት ይጠይቁት ጀመር። እርሱም ብዙውን ሊመልስ አልቻለም። «ጋሼ፥ ልጥለው የሄድሁትን ነገር አላውቀውም ነበር» ብሎ ጻፈልኝ። ሠርጉን ለጊዜው አቈዩት። ሁለቱ ዛሬም ይዋደዳሉ፤ የየራሳቸውን እምነት አብረው እያጠኑ ነው። መጨረሻው ምን እንደሚሆን እኔ አልነግራችሁም፤ ውሳኔው የእነርሱ ነውና።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ፍቅር እውነተኛ ከሆነ ምርመራን አይፈራም። እምነትህን ለሠርግ ቀን እንደ ተዋሱት ካባ አትልበሰው፤ ሠርጉ ሲያልፍ ካባው ለባለቤቱ ይመለሳል፥ አንተም ራቍትህን ትቀራለህ። እንቢ ያለህን ሰውም ከመክሰስህ በፊት እንቢታው ከየት እንደ መጣ መርምር። በቋንቋችን «ተመለስ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጓሜ አለው፤ የሚያባርርም ሰው ይለዋል፥ ደግመህ ና የሚልም ሰው ይለዋል። የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው በሩ ተዘግቶ ወይም ተከፍቶ እንደ ሆነ ዞር ብሎ በማየት ነው።