ዕጣና ዋስ

ኅዳር 2 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ይፋግ

ከ62ቱ ተማሪዎቼ ዛሬ የመጡት 41 ናቸው። የሩዝ አጨዳ ሰሞን ስለሆነ ከርብ ወንዝ ዳር የሚመጡት ልጆች ከቤተሰባቸው ጋር ማሳ ላይ ናቸው። ስም ስጠራ «አጨዳ ላይ ነው» የሚል ድምፅ ከየጥጉ ሲመልስልኝ አልቆጣም። የደብተሩም ሆነ እዚህ ከተማ የተከራዩት ክፍል ብር የሚወጣው ከዚያው ሩዝ ነው።

የጥንት ግሪክን ጀመርን። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ክፍሉም አጭር። ልጆቹ «አቴና የዲሞክራሲ መገኛ ናት» የምትለዋን ሸምድደው ፈተና ላይ ይጽፏታል፤ ሰዎቹ ጠዋት ተነሥተው ምን ያደርጉ እንደነበር ግን አያውቁም። መጽሐፉን አጥፌ ከገበያ ጀመርኩ። አጎራ ማለት የከተማው ገበያና አደባባይ ነው። የእኛዋ ይፋግም በ19ኛው መቶ ዘመን የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ ቀረጥ የሚከፈልባት ትልቅ ገበያ ነበረች። በገበያ ወሬ እንደሚሰማ፣ አዋጅ እንደሚነገር፣ ጠበኛም እንደሚታረቅ ለይፋግ ልጅ አይነገረውም።

አቴና ውስጥ ሸንጎ ሲጠራ ገበያው ላይ ቆሞ የሚቀረውን ሰው ቀይ ቀለም በነከሩት ገመድ እያካለሉ ፕኒክስ ወደሚባለው ኮረብታ ይነዱት ነበር። ቀለሙ ልብሱን የነካው ሰው ለግሞ እንደነበር ይታወቅበታል። አንዱ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ስብሰባ ሲጠራ አባቴም እንዲህ ተጎትቶ ነው የሚሄደው» አለ። ሳቁ ሲበርድ ልዩነቱን ነገርኳቸው፤ እዚያ ኮረብታ ላይ ከወጡ በኋላ አዋጅ ነጋሪው «መናገር የሚፈልግ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጫማ ሰፊውም ገበሬውም ተነሥቶ ይናገራል።

ኅዳር 4

ዛሬ ክሌስቴንስ። በ508 ቅድመ ክርስቶስ የአቴናን ሕዝብ በ10 ነገድ አዲስ አድርጎ ከፈለው። እያንዳንዱ ነገድ ከከተማው፣ ከባሕር ዳርቻውና ከመሀል አገሩ ሰው እንዲደርሰው አደረገ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ክበብ ሣልኩና «የርብ ዳር ሰው፣ የደጋው ሰው፣ የይፋግ ከተማ ሰው አንድ ነገድ ሆነው አብረው ቢሰለፉ፣ አብረው ቢመክሩ ምን ይፈጠራል?» አልኳቸው። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ዘመድ ለዘመድ መጠቃቀም ይቀራል» አለ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰልኝ።

ከየነገዱ 50፣ በጠቅላላው 500 ሰው በዕጣ ወጥቶ ዓመቱን ሙሉ ጉዳይ ያዘጋጃል። ማንም ሰው በዕድሜው ከሁለት ጊዜ በላይ እዚያ አይቀመጥም። ከእነሱም መካከል በየቀኑ አንድ ሰው በዕጣ ይወጣና የከተማዋን ማኅተምና የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት ይይዛል። ይህን ስናገር ክፍሉ ዝም አለ። ደስ የሚል ዝምታ ነበር።

ከዚያ ከፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች፤ «ቲቸር፣ ሴቶቹ የት ነበሩ?»

ቤት ነበሩ። በሸንጎው ድምፅ አልነበራቸውም። ባሮችም፣ ከሌላ አገር መጥተው የሰፈሩትም እንዲሁ። ልጅቷ «እንግዲያው ምኑ ነው ዲሞክራሲ?» አለችና ተቀመጠች። ነገሩን ላለሳልስላት አልፈለግሁም፤ ጥያቄዋ ትክክል ነው። የግሪክ ሴቶች ሙሉ የምርጫ መብት ያገኙት በእኛ አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. ነው። የእኛው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለወንድም ለሴትም ድምፅ የሰጠው በ1948 ነው፤ አራት ዓመት ብቻ ነው የሚለያየን። ሕዝብ በመረጠው የመጀመሪያው ምክር ቤትም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ገብተዋል። ስማቸውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ስትገለብጥ ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ኅዳር 6፣ ማታ

የሰፈራችን ዕቁብ ዛሬ ነበር። ዳኛው የጎረቤቴ አባወራ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ዕጣው ከወጣ በኋላ ቡና እየጠጣን ስለ አቴናውያን ነገርኳቸው። ዳኛውንም፣ ሹሙንም፣ ግምጃ ጠባቂውንም በዕጣ ያወጡ ነበር አልኳቸው።

«ዋስስ?» አሉኝ።

«የምን ዋስ ጋሼ?»

«መምህሬ፣ ዕጣማ ሕፃንም ያወጣል። ዛሬ ብሩን የወሰደው ሰው ዋስ ሳይጠራ ከዚህ በር ወጥቷል? አልወጣም። ዕጣ የፈጣሪ ነው፤ ዋስ ግን የእኛ የሰዎቹ ነው። ዋሱን ካልነገርካቸው ለልጆቹ ግማሹን ብቻ ነው ያስተማርከው።»

ቤቴ ገብቼ መጽሐፎቼን ገለበጥኩ። እውነታቸውን ነው። አቴና ውስጥ ዕጣ የወጣለት ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይመረመር ነበር። ከሹሞቹ አንዳንዶቹን «እናት አባትህን በደንብ ትይዛለህ? የቤተሰብህ መቃብር የት ነው? ግብር ትከፍላለህ? ዘምተሃል?» ይሏቸዋል። ዘመኑን ሲጨርስ ደግሞ ሒሳቡን ያወራርዳል፤ ሒሳቡ ሳይታይ ከአገር መውጣት አይችልም፤ ያስተዳደረው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሊከሰው ይችላል። ለዓመታት ይህን ምዕራፍ ሳስተምር አመራረጡን ብቻ ነበር የማስተምረው። ሒሳብ ማወራረዱን እንደ ትርፍ ነገር እዘለው ነበር።

ኅዳር 8

የክፍል አለቃ በዕጣ እናውጣ አልኳቸው። አቴናውያን ለዕጣ ባቄላ ይጠቀሙ ስለነበር እኔም ከቤት ባቄላ ይዤ ሄድኩ። የመጣው ተማሪ 49 ነው፤ 49 ፍሬ ቆጥሬ አንዷን በእስክሪብቶ አጠቆርኳትና ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። ሁሉም እየተነሡ አወጡ።

ጥቁሯ የወጣችው ከርብ ዳር የሚመጣ፣ ሳምንቱን ሙሉ አጨዳ ላይ ሰንብቶ ዛሬ ገና ለተመለሰ ልጅ ነው። ጣቶቹ በማጭድ ተቆራርጠዋል። «ቲቸር፣ እኔ አልችልም። ደረጃዬ 48ኛ ነው» አለ። አንደኛ የሚወጣው ልጅ ተነሣ፤ ፊቱ ቀልቷል። «ይሄ ልክ አይደለም። እኔ ደክሜ አጥንቼ ነው አንደኛ የወጣሁት፤ አለቃነት በባቄላ አይሰጥም» አለ።

ጥያቄውን ለክፍሉ መለስኩት። ሶቅራጥስም የመርከብ መሪን በዕጣ የሚያወጣ ሰው የለም እያለ ይህን አሠራር ይነቅፍ ነበር አልኳቸው። አቴናውያን ራሳቸው የጦር አዛዦቻቸውን፣ አሥሩን፣ በዕጣ አላወጡም፤ መርጠው ነው የሾሙት። ክርክሩ ደወል እስኪደወል ዘለቀ። በመጨረሻም ሒሳብ የሚያስጠናው ልጅ በምርጫ ይሁን፣ ስም የሚይዘውና የክፍሉን ንብረት የሚጠብቀው ግን በዕጣ ይሁን ተባለ፤ ለስም መያዝ የሚያስፈልገው እውነት መናገር ብቻ ነውና። ይህን ያሉት እነሱ ናቸው፤ እኔ ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር።

ጥቁሯ ባቄላ የወጣችለትን ልጅ «ዋስ ጥራ» አልኩት። ዙሪያውን ቢያይ ማንም አልተነሣም። ቆይቶ ያቺ ስለ ሴቶቹ የጠየቀችው ልጅ «እኔ» አለች። የሥራ ዘመኑ ሁለት ሳምንት ነው።

ኅዳር 10

ዛሬ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ቀን ነው። ጠዋት ሬዲዮ ስሰማ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዝግቧል አለ። ድምፅ መስጫው ላይ ሁለት ምልክት አለ፤ ራሱን የቻለ ክልል ለሚፈልገው ሻፌታ፣ በደቡብ ክልል ውስጥ መቆየትን ለሚፈልገው ጎጆ። ልጆቹ ምልክቱ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቁኝ። የአሪስቲዲስን ታሪክ ነገርኳቸው። አቴናውያን አንድን ሰው ለ10 ዓመት ከአገር ለማራቅ ስሙን ገል ላይ ጭረው ድምፅ ይሰጡ ነበር። ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ ፊደል ያልቆጠረ አንድ ገበሬ ራሱን አሪስቲዲስን ሳያውቀው «እባክህ አሪስቲዲስ ብለህ ጻፍልኝ» አለው። ምን በደለህ ቢለው፣ ምንም፤ «ጻድቁ» ሲሉት መስማት ሰለቸኝ አለ። አሪስቲዲስም የራሱን ስም ጽፎ ሰጠው።

አንዲት ልጅ፣ አያቷ በምርጫ ጊዜ በጣታቸው ሲፈርሙ ማየቷን ተናገረች። ሌላ አልጨመረችም።

ኅዳር 12

ዓመታዊው ሚካኤል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዲያቆን የሆነ ተማሪዬ መንገድ ላይ አገኘኝ። «እነዚህ ግሪኮች እኛ ጽርዕ የምንላቸው ናቸው?» አለኝ። ናቸው። ወንጌል የምትለዋ ቃል ከእነሱ ቋንቋ እንደመጣች፣ አክሱም ላይ የኢዛና ድንጋይ በግእዝ፣ በሳባና በጽርዕ እንደተጻፈ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ውስጥ ሶቅራጥስና አፍላጦን እንዳሉ ነገርኩት። ሰፈሬ ድረስ አብሮኝ መጣ።

ኅዳር 22

ሒሳብ የማወራረጃ ቀን። 58 ሰው መጥቷል፤ አጨዳው እያለቀ ነው።

ዕጣው የወጣለት ልጅ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። 57 ተማሪ ሁለት ሁለት ብር አዋጥቶ 114 ብር ሆኗል። ሁለት መጥረጊያ በ50 ብር፣ ለእጅ መታጠቢያ ጄሪካን በ60 ብር ገዝቷል። የቀረውን 4 ብር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ያልከፈሉትን ስማቸውን አልጠራም፤ «አምስት ሰው ይቀራል» ብቻ አለ።

«ጥያቄ ያለው?» አልኩ። አንደኛ የሚወጣው ልጅ ተነሣ። «ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ጓደኛህ ሳይመጣ መጥቷል ብለህ ይዘኸዋል።»

አልካደም። «አዎ ጽፌያለሁ። አጨዳ ላይ ነበር። እኔ አጨዳ ላይ ሳለሁ ግን ቀሪ ነው የተባልኩት።»

ዋሱ ተነሣች። «ያየሁት በኋላ ነው፤ አርም ብዬዋለሁ። እምቢ ሲለኝ ለእናንተ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም» አለች።

ይቀጣ ያለም፣ ይለፈው ያለም ነበር። መፍትሔውን ያመጣው ከሳሹ ራሱ ነው። ስሙ ይታረም፤ አጨዳ ላይ የዋለ ሰው ግን «ቀሪ» ከሚባል «አጨዳ» ተብሎ ለብቻው ይጻፍ፤ ይህም ለሁሉም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሁን አለ። እጅ ወጣ፤ 58 ሰው ሁሉ አላወጣም፤ የበዛው ግን አወጣ። ልጁ በገዛ እጁ አረመ፣ ዋሱ ከስሩ ፈረመች። የራሱም ቀሪ የተባለባቸው ቀናት «አጨዳ» ተብለው ተጻፉ።

ሲወጡ ጥቁሯን ባቄላ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዟት ሰንብቷል። ቀለሟ ደብዝዟል፤ ረቡዕ ከሚወጣው ዕጣ በፊት እንደገና ላጠቁራት ይገባል።