የናዝሬት ፀሐይና ‹‹ቆጣቢው›› ሳጥን

ናዝሬት (ይቅርታ፣ አዳማ… አፍ አንዴ ከለመደ አይለቅም) በኃይል ማመንጫ አትታማም። ከጎኗ ቆቃ አለላት። ኮረብታው ላይ በነፋስ የሚዞሩ ነጫጭ ተርባይኖች ተገትረዋል፤ አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋዋት። ወደ ዝዋይ ወረድ ስትሉ አሉቶ ላንጋኖ ከምድር በሚወጣ እንፋሎት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራ ጣቢያ ነው። ግን መብራት ይሄዳል! ተርባይኑ ቢዞርም ከሰፈር ትራንስፎርመር እስከ ሳሎናችን ያለው ሽቦ ሌላ ጉድ ነው። ስለዚህ አቅም ያለው ሰው ጣሪያው ላይ ሶላር ይሰቅላል። ፀሐይ እንደሆነች በስምጥ ሸለቆ ሞልታለች።

የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ሶላሩ ሳይሆን ከሶላሩ ኋላ ተከትለው ስለሚመጡት ‹‹ቆጣቢ›› ዕቃዎች ነው። ገንዘባቸውን ይመልሳሉ ወይ?

እዚያው አዳማ ያለችው አክስቴ እቁብ ወጣላትና ፓኔል፣ ባትሪና ኢንቨርተር አስገባች። ትንሽ ብር መትረፉን ያየ ሻጭ ‹‹እትዬ፣ ይህችን ሳጥን ሶኬት ላይ ብቻ ይሰኳት፣ ቆጣሪዎ በግማሽ ይቀንሳል›› አላት። ማታውኑ ደወለችልኝ። ‹‹አንተ የተማርክ ነህ፤ ልግዛ ወይስ ልተው?››

‹‹ተዪው›› አልኳት። እንዲህ ያለች ሳጥን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት አንድ ካፓሲተርና ቦግ የምትል ትንሽ መብራት ነው። ካፓሲተር ትላልቅ ሞተር ለሚያዞር ፋብሪካ ጥቅም አለው። የቤት ቆጣሪ ግን የሚቆጥረው በትክክል የተጠቀማችሁትን ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ሳጥኗ ደግሞ እሱን አትነካውም። የምትቀንሰው ነገር ቢኖር ኪሳችሁን ነው።

ታዲያ ቆጣቢ ሁሉ ውሸት ነው? አይደለም። እስቲ አብረን እናስላ።

ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የሊድ ባትሪ ሲሞላ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ቶሎ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ ይባላል፤ 600 ቀረን። አምስት የድሮ ባለ 60 ዋት አምፖል ስታበሩ በ2 ሰዓት አለቀ። አምስት ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ ስታበሩ ግን ከ13 ሰዓት በላይ ይሄዳል (ኢንቨርተሩ የሚበላውን ሳንቆጥር)። ሌሊቱ ነጋ ማለት ነው። ለዚያው ብርሃን በድሮው አምፖል ሰባት ያህል ባትሪ ልትገዙ ነበር!

ሌላም አለ። የዲሹ ሪሲቨር ማንም ሳያየው 10 ዋት እየበላ ካደረና ከዋለ በቀን 240 ዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያች 600 ላይ 40 በመቶው። ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ማከፋፈያ ይህን በአንድ ጣት ይዘጋዋል።

የእንጀራ ምጣድ ግን ሌላ ዓለም ነው። 3,500 ዋት ገደማ የሚጎትት ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። የአክስቴ ባትሪ ስምንት ጊዜ ቢሞላም አይበቃውም። ‹‹ምጣድም ያስጋግራል›› የሚላችሁን የትንሽ ሶላር ሻጭ በትህትና አሰናብቱት። ምጣዱ መብራት ሲኖር ይሥራ።

በወር ሂሳቡ በኩልስ? እዚህ ላይ ብዙ አትጠብቁ። ለዓመታት የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። በዚያ ዋጋ 40 ኪሎዋት ሰዓት ብትቆጥቡ የምታተርፉት 11 ብር አይሞላም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ የሶላር ቤት እውነተኛ ትርፍ ግን ያልገዛችሁት ባትሪ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መንግሥት ቆጣቢ አምፖል በነፃ ያደለበትን ጊዜ የምታስታውሱ አላችሁ? የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ የመጀመሪያው ዙር 350,000 አምፖሎች ለአንድ ደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ቆጥበዋል። ግሩም ነው! ግን በ18 ወር ውስጥ ከቁጠባው 20 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ጠፋ። ለምን ይመስላችኋል? እኔ ሰውን እጠረጥራለሁ። ‹‹ይህ እኮ አይበላም›› ብለን የበረንዳውን ቀን በቀን እናበራለን።

አክስቴ በተረፈው ብር አምስት ኤል ኢ ዲና አንድ ማከፋፈያ ገዛች፤ ቀሪውን ባትሪው ሲደክም ለመቀየር አስቀመጠች። ሻጩ ቅር ብሎታል አሉ።

እናንተም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ‹‹ይህ ነገር ስንት ዋት ይቀንስልኛል? ከየትኛው ዕቃዬ ላይ?›› ብላችሁ ጠይቁት። የዕቃውን ስም ጠርቶ ቁጥር ከነገራችሁ ተከራከሩና ግዙ። ‹‹ከሁሉም ላይ ነው›› ካላችሁ ግን… መልካም ቀን ተመኙለት።